ብርጭቆውን ያነሣ እጅ

እጄ መንቀጥቀጥ የጀመረው በሰው ጉሮሮ ላይ ነው። ሥራዬ ጸጉር ማስተካከልና ጢም መላጨት ነበር። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳይርቅ፣ ሁለት ወንበርና አንድ ትልቅ መስታወት ያላት ቤት ነበረችኝ። ጣሊያን ከወጣ አሥር ዓመት ቢያልፈው ነው። አንድ ቀን ጠዋት የደንበኛዬን አንገት ስላጭ ምላጩ በራሱ ጊዜ ዘለለና ከጆሮው ሥር ቀጭን የደም መስመር ወጣ። ሰውዬው ደግ ነበር፤ ያጋጥማል ብሎ በፎጣው ጠርጎ ሄደ። እኔ ግን በአሥራ አራት ዓመት ሥራዬ ሰው አድምቼ ስለማላውቅ ቀኑን ሙሉ እጄን ሳይ ዋልኩ።

ይህን የምጽፈው ሁለት ዓይነት ሰው እንዲያነበው ነው። አንደኛው እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ ልቡ ያለ ምክንያት የሚደልቅ፣ እየበላ የሚከሳ ሰው ነው፤ እሱ ወሬ ሳይሰማ ቶሎ ይመርመር። ሁለተኛው ከበሽታው ድኖ በበሽታው ጊዜ ካደረገው ነገር ያልዳነ ሰው ነው። ለእሱ ምክር የለኝም፤ የደረሰብኝን ብቻ ልንገረው።

መጀመሪያ ሙቀት ነው አልን። ድሬዳዋ ላይ ሰው ቢያልበው ማን ይደነቃል? ነገር ግን ጎሕ ሲቀድ፣ ሌላው ነጠላ ደርቦ ሲወጣ፣ እኔ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቆ ነበር የምነሣው። የሁለት ሰው ምግብ እበላለሁ፤ ቀበቶዬ ግን በየወሩ አዲስ ቀዳዳ ይጠይቃል። ሚስቴ አስካለ ሱሪዎቼን እያጠበበች፣ ምግቡ የት እንደሚገባ እየጠየቀችኝ ትስቅ ነበር። ኋላ ላይ መሳቋን ተወች። ዓይኖቼ ወደ ውጭ ወጡ። ደንበኞቼ በመስታወቱ ውስጥ ሲያዩኝ ያፈጠጥኩባቸው እየመሰላቸው ይጨነቁ ጀመር።

ከሁሉ የባሰው ቁጣዬ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ ዝምተኛ ነኝ፤ ጸጉር አስተካካይ ደግሞ ሰሚ እንጂ ተናጋሪ አይደለም። ያ ሰው ጠፋ። የበር መንኳኳት፣ የሳህን ድምፅ፣ የአንድ ደንበኛ ረጅም ወሬ ሁሉ ቆዳዬ ላይ የሚራመድ ይመስለኝ ነበር። ከሱቄ አጠገብ አህመድ የሚባል ልብስ ሰፊ ወዳጅ ነበረኝ፤ የመጋላ ሰፈር ልጅ ነው። አሥር ዓመት ያህል በአንድ ግድግዳ ተለያይተን ስንሠራ አንድ ቀን ተቀያይመን አናውቅም። አንድ ከሰዓት የስፌት መኪናው ድምፅ ሰለቸኝና በደንበኞቹ ፊት በእናቱ ሰደብኩት። እናቱ ከሞተች ዓመት አልሞላትም። መኪናውን አቁሞ አየኝ።

እዚያው መጋላ ውስጥ መርፌ የሚወጋ ድሬሰር ዘንድ ሄድኩ። ወባ ነው ብሎ ጆሮዬ እስኪጮህ ድረስ የወባ መድኃኒት ሰጠኝ። ለውጥ አላገኘሁም። ቀጥሎ ወደ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። በዚያን ጊዜ ወረፋ የሚያዘው በጠዋት መጥቶ ዱላን ወይም ድንጋይን አግዳሚው ላይ በማስቀመጥ ነበር። ሦስት ቀን ተመላልሼ ገባሁ። ሐኪሙ ልቤን አዳምጦ ጫት እንድቀንስ መከረኝ። እኔ ጫት ቅሜ አላውቅም። ይህን ብነግረውም በማስታወሻው ላይ መጻፉን አላቆመም። ወሬውን የሰማው አህመድ፣ የተቀየመኝ ሰው፣ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው፤ የማይቅም ሰው ምን ይቀንሳል ብሎ። ሌላ ሐኪም ነርቭ ነው ብሎ የሚያስተኛ ሽሮፕ አዘዘልኝ። ዘመዶች ዛር ነው አሉ። ቁልቢ ድረስ በእግሬ ወጥቼ ተሳልኩ፤ መንገዱን እንደ ጎረምሳ ሮጬ መጨረሴን ሰው ሁሉ እንደ ተአምር አወራው። ተአምር አልነበረም፤ ውስጤ ያለው እሳት ነበር የሚያስሮጠኝ።

አንገቴ ላይ ትንሽ እብጠት ነበረች። ቀኑን ሙሉ መስታወት ፊት ብቆምም የሰው አንገት እንጂ የራሴን አላይም ነበር። አስካለ አይታታለች፤ ግን እናቷ በአንገታቸው ላይ የቡጢ ያህል እንቅርት ይዘው በሰላም አርጅተዋል። ስለዚህ እንቅርት ሰውን እንደማይጎዳ በቤታችን የታወቀ ነበር።

አሁን ወደ አባባ ልምጣ። አባባ ደስታ የአስካለ አባት ናቸው። በወጣትነታቸው ባቡር ሳይደርስ በበቅሎ ጭነት እየጫኑ እስከ ባሕሩ ዳር የተመላለሱ ነጋዴ ነበሩ። ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ እኛ ዘንድ ይኖሩ ነበር። ከእኔ ጋር ፍቅር ነበረን። እሑድ እሑድ እላጫቸዋለሁ፤ እሳቸውም የመንገድ ወሬ ያወሩልኛል። አንድ ልማድ ነበራቸው፤ ሲያስቡ የያዙትን ከዘራ በበረንዳው ድንጋይ ላይ ቀስ እያሉ ይመታሉ።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር፤ ከምሳ በኋላ። አስካለ ገበያ ሄዳለች። አባባ ከበረንዳው አፋፍ፣ ከሦስቱ የድንጋይ ደረጃዎች በላይ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ውኃ የያዘ ብርጭቆ አጠገባቸው አስቀምጠዋል። እኔ ከኋላቸው ጋደም ብያለሁ። ከዘራው ይመታል። እንዲተዉ ነገርኳቸው። ተዉ። ጥቂት ቆይተው ረሱና እንደገና ጀመሩ። አሁንም ነገርኳቸው፤ ዘወር ብለው ምን ሆነሃል ልጄ አሉኝ፤ በርኅራኄ ነበር የጠየቁኝ። ያ ርኅራኄ ለምን እንዳቃጠለኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ተነሣሁ። በሁለት እጄ ገፋኋቸው። ወደ ታች ወደቁ፤ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ።

ግን አንድ ነገር ዘለልኩ። ከመግፋቴ በፊት ጎንበስ ብዬ ብርጭቆውን አንሥቼ ወደ ግድግዳው አስጠጋሁት፤ እንዳይሰበር።

ጎረቤት ተጠራርቶ በቃሬዛ ወደ ሆስፒታል ወሰድናቸው። ጭናቸው ከዳሌያቸው አጠገብ ተሰብሯል። እኔ በኮሪደሩ ላይ ስመላለስ፣ አስካለ ደግሞ ከገበያ እንደመጣች ዘንቢሏን እንደያዘች አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ነበር። ወድቀው ነው ብያት ነበር። አባባም ሲጠየቁ ወደቅሁ አሉ። ጎረቤታችን ግን ከአጥሩ በላይ አይታ ስለነበር እውነቱ ከመምሸቱ በፊት አስካለ ጆሮ ደረሰ። ከአግዳሚው ላይ ቀና ብላ አየችኝ። ያን አስተያየት አልረሳውም፤ ሰውን የሚጠላ ሰው አስተያየት ነበር። ኋላ ላይ የናፈቅሁት እሱን ነው ብል ማን ያምነኛል?

የአባባን እግር የጠገነው የውጭ አገር ሐኪም ከክፍሉ ወጥቶ ሲያልፍ እኔ ፊት ቆመ። ዓይኖቼን አየ። እጄን ያዘና የደም ሥሬን ቆጠረ። ከዚያ በአስተርጓሚው በኩል ሁለት እጆቼን ወደ ፊት እንድዘረጋ ነግሮኝ አንድ ነጭ ወረቀት በጣቶቼ ላይ አኖረ። ወረቀቱ እንደ ቅጠል ተርገበገበ። ሐኪሙ በጣቱ አንገቴን ዳሰሰና ውኃ ዋጥ አድርግ አለኝ።

እንዲህ ብሎ አስረዳን። በአንገት ላይ ታይሮይድ የሚባል ትንሽ እጢ አለ፤ የሰውነትን እሳት የሚያነድደው እሱ ነው። የእኔ እጢ ማንደዱን ማቆም ስላቃተው ልቤን፣ እጄን፣ ሥጋዬንና ጠባዬን አብሮ እየፈጀ ነው። የአስካለ እናት እንቅርት የተኛ እንቅርት ነበር፤ የእኔ ግን የነቃ ነው። አዲስ አበባ ሄጄ እጢው ቢቆረጥልኝ እድናለሁ። በመጨረሻ አስተርጓሚው ወደ አስካለ ዞሮ ሐኪሙ የሚለው፣ ሽማግሌውን የገፋቸው ባልሽ ሳይሆን በሽታው ነው አላት። አስካለ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። ስትገልጠው ያ የጥላቻ አስተያየት ጠፍቶ ነበር። በቦታው የመጣው ሰው ለታመመ በሬ የሚያሳየው ዓይነት አዘኔታ ነው።

በዚያ ሰሞን ሊጠይቋት የመጡ ሴቶች እንዴት ከእሱ ጋር ትኖሪያለሽ ሲሏት በመጋረጃው በኩል ሰማሁ። የመለሰችውን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

"ደቻቱ ሞልቶ የሰው ግድግዳ ቢወስድ ከወንዝ ጋር ማን ይጣላል?"

ልደሰት ይገባኝ ነበር። ግን ወንዝ ብርጭቆ አያነሣም።

አዲስ አበባ በባቡር ሄድኩ። ሆስፒታል ውስጥ ሁለት ወር ያህል ተኝቼ ክኒንና በወተት ውስጥ የሚንጠባጠብ መድኃኒት ስወስድ ቆየሁ፤ እሳቱ ካልቀዘቀዘ ቢላዋ አይቀርብም አሉኝ። ከጎኔ የተኛው ሽማግሌ በየማለዳው ገና ስነቃ እንደምን አደርክ ይለኝ ነበር፤ ካላለኝ ቀኑ የማይነጋ ይመስለው ነበር። እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ሰውን ያቆማል። ቀስ በቀስ ልቤ ረጋ፤ ቁጣውም ሳላየው ሄደ። በሄደ ጊዜ ፍርሃት መጣ። ቁጣ ውስጤ ሳለ የማላስበውን አሁን በየሰዓቱ አስብ ጀመር። እጄን የመራው እጢው ከሆነ ጎንበስ ያልኩት ማነኝ? ብርጭቆው ይሰበራል ብዬ ለማሰብ ጊዜ ካገኘሁ፣ ሽማግሌው ይሰበራሉ ብዬ ለማሰብ ጊዜ አጣሁ?

ቀዶ ጥገናው ያለ ሙሉ ማደንዘዣ ነበር፤ አንገቴን ብቻ በመርፌ አደነዘዙት። በአንገት ውስጥ ድምፅን የሚያወጣ ነርቭ ስላለ እሱ እንዳይነካ በሽተኛው መናገር አለበት፤ ድምፁ ከተቀየረ ሐኪሙ ያቆማል። በራስጌዬ የቆመችው ነርስ የአገራችን ልጅ ነበረች፤ የፈለግኸውን ተናገር ብቻ ዝም አትበል አለችኝ። ዳዊት መድገም ጀመርኩና ከሁለት መስመር በኋላ ጠፋኝ። ዝም ስል ተናገር ትለኛለች። ሌላ የሚወጣ ነገር ስላልነበረኝ ስለ ብርጭቆው ተናገርኩ። ከከዘራው ድምፅ ጀምሬ እስከ አጥንቱ ድምፅ ድረስ ሁሉን ነገርኩ፤ ሐኪሙ ቋንቋውን አያውቅም፤ ድምፄ እስካለ ድረስ ደህና ነው እያለ ራሱን ይነቀንቃል። ስጨርስ ነርሷ ላቤን ጠረገችልኝ። ወደ አልጋዬ ስትመልሰኝ ሐኪሙ ምን እያልኩ እንደነበር እንደጠየቃትና ጸሎት ነው እንዳለችው ነገረችኝ።

በሦስተኛው ወር ድሬዳዋ ተመለስኩ። ድምፄ ሻካራ ሆኗል፤ እጄ ግን እንደ ድሮው ጸጥ ብሏል። ደንበኞቼ አንድ በአንድ መጡ። ቤቴ ግን የሆስፒታል ክፍል ሆኖ ጠበቀኝ። አስካለ በምንም ነገር አትቃወመኝም። ለምግብ ዘግይቼ ብገባ ዝም፣ ነገር ብረሳ ዝም። ጎረቤቶች ሲመጡ እኔ ፊታቸው ተቀምጬ ሳለ ዛሬ እንዴት ዋለ ብለው እሷን ይጠይቋታል፤ ደህና ውሏል ትላለች። አንድ ቀን ሆን ብዬ ደንበኛ ፊት አበሻቀጥኳት፤ በቁጣ እንድትመልስልኝ ነበር። እጇን ግንባሬ ላይ አድርጋ መድኃኒትህን ውጠሃል ወይ አለችኝ። ያን ዕለት ከቤቴ ጀርባ ቆሜ አለቀስኩ።

ከሁሉ ቀድሞ ሰው ያደረገኝ አህመድ ነው። ሱቄን በከፈትኩ በሳምንቱ መቀሱን እንደያዘ ገብቶ ወንበሬ ላይ ተቀመጠ።

"አቦ፣ እናቴን ሰድበሃታል" አለኝ። "ታመህ ነበር፤ አውቃለሁ። ጆሮዬ ግን አልታመመም።"

ይቅርታ ጠየቅሁት። ራሱን ነቅንቆ ተቀበለና ጸጉሩን እንዳስተካክለው ነገረኝ። ምን ያህል እንደቀለለኝ ልገልጸው አልችልም። ያን ቀን ነው አባባ ዘንድ መግባት እንዳለብኝ የገባኝ፤ ድፍረቱን እስካገኝ ግን ወራት አለፉ።

አባባ በጓሮው ክፍል ነበሩ፤ በሁለት ምርኩዝ ካልሆነ አይሄዱም። ከተመለስኩ ጀምሮ ከሰላምታ ሌላ ቃል አልተለዋወጥንም። አስካለ እርጅና ነው፣ በሽታ መሆኑ አይገባቸውም ትለኝ ነበር። አንድ እሑድ ጠዋት እሷ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ገባሁ። ጉልበታቸው ላይ ልወድቅ ስል በምርኩዛቸው አገዱኝ።

"ይቅር ይበሉኝ" አልኩ።

"ማንን?"

"እኔን።"

"አስካለ በሽታው ነው ትላለች፤ ሐኪሙም ብሏል። በሽታው ከሆነ ይቅር የምለው የለኝም፤ ወባን ይቅር ብዬ አላውቅም። በደህና ሂድ። አንተ ከሆንክ ግን ተቀመጥ።"

አጠገባቸው ያቺ የበረንዳው በርጩማ ነበረች። ኪሴ ውስጥ ሐኪሙ በሽታው ነው ብሎ የጻፈልኝ ወረቀት አለ፤ ማንም ዳኛ ይቀበለዋል። ተቀመጥኩ። ብርጭቆውን እንዳነሣሁ ነገርኳቸው።

"አይቻለሁ" አሉኝ። "ጎንበስ ስትል ውኃውን ልትሰጠኝ መስሎኝ እጄን ዘርግቼ ነበር። ይህን እስክትነግረኝ ዓመት ሙሉ ጠበቅሁህ።"

ለምን ለአስካለ እንዳልነገሯት ጠየቅኋቸው። ልጃቸው ባል ያስፈልጋታል ብለው እንደሆነ፣ የእኔን ኃጢአት መናገር ደግሞ የእኔ እንጂ የእሳቸው ሥራ እንዳልሆነ መለሱልኝ። ከዚያ ወቀሱኝ። ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ አብረን የበላነውን እንጀራ፣ ያጡትን እግር፣ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ከመሳም መቅረታቸውን እየጠሩ ረጅም ሰዓት ወቀሱኝ። እሳቱ የበሽታው መሆኑን አምናለሁ አሉ፤ እንዲህ ያለ እሳት በሰው ላይ ሲነድ በበረሃ መንገድ አይተዋል። እሳቱን አልጠይቅህም፤ በእሳቱ ውስጥ ሆነህ የመረጥከውን ያህል ብቻ ነው የምጠይቅህ አሉኝ። ያ ምን ያህል እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

"አንዲት ብርጭቆ ታህል ይሆናል" አሉ። "በእሷ ልክ ይቅር ብዬሃለሁ። አሁን ምላጭህን አምጣ።"

ዓመት ሙሉ ያልተላጨ ጢማቸውን ላጨሁ። አንገታቸውን ወደ ኋላ ጥለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እጄ አልተንቀጠቀጠም።

ሁለት ዓመት ያህል አብረን ኖርን። በየእሑዱ እየላጨሁ፣ በክንዴ ደግፌ ቤተ ክርስቲያን ደጅ አደርሳቸው ነበር። ሞታቸው በሳንባ ምች ነው፤ ከስብራቱ ጋር የተያያዘ አይደለም ብሎ ሐኪሙ ነግሮኛል። አላምነውም፤ አልክደውምም። እዚህ ላይ የሚያነበኝ በሽተኛ አንድ ነገር አይሳሳት፤ የታመመ ሁሉ በደለኛ ነው እያልኩ አይደለም። እጢው ባይታመም ኖሮ እሳቸውን እስከ ዕለተ ሞታቸው አልነካም ነበር፤ ይህን አውቃለሁ። ብርጭቆውን ያነሣሁት እኔ መሆኔንም አውቃለሁ። ሁለቱን አስታርቆ የሚነግረኝ ሐኪምም ቄስም አላገኘሁም፤ አሁንም በአንዳንድ ጸጥ ያለ ከሰዓት በኋላ በድንጋይ ላይ የከዘራ ምት እሰማለሁ።

ተዝካራቸው እንዳለፈ ለአስካለ ነገርኳት። የአባቷን ጋቢ እያጠፈች ነበር። ብርጭቆውን ስል እጇ ቆመ። አንዴ ብቻ፣ ወደ ግድግዳው አስጠጋኸው አለችኝ፤ አዎ አልኩ። ጋቢውን አጥፋ ጨረሰች፣ ልብሷን በፎጣ ጠቀለለችና አክስቷ ዘንድ ሐረር ሄደች። አህመድ ልሂድና ላስታርቅ ቢለኝ ተው አልኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቴ ውስጥ የእውነት ብቻዬን ነበርኩ፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ከኖርኩት ብቸኝነት ይሻል ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ሱቁን ዘግቼ ስመለስ፣ ጥቅሏን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። ከስታለች። ዓይኖቿ ያን የሆስፒታል አግዳሚ ላይ ያየሁትን አስተያየት ይዘው ቀጥ ብለው አዩኝ፤ እኔም ዓይኔን አላሸሸሁም።

"ሦስት ዓመት እንደ በሽተኛ ሳስታምምህ ደከመኝ" አለች። "ቁጣዬ አላለቀም፤ መቼ እንደሚያልቅም አላውቅም። ግን ቤቴ ሆኜ ልቆጣ ብዬ መጣሁ።"

ግቢ አልኳት፤ ጥቅሏንም ተቀበልኳት።